ስፖርቱም አለ፣ አመጋገቡም ተስተካክሏል፤ ክብደቱ ግን አልወርድ አለ

ጥያቄ፦ የ38 ዓመት ሴት ነኝ፤ ቁመቴ 1 ሜትር ከ62 ነው። 80 ኪሎ ስደርስ ደንግጬ በሳምንት አምስት ቀን ጠዋት ጠዋት አንድ ሰዓት በእግሬ መሄድ ጀመርኩ። ጣፋጭ ነገር ትቻለሁ። ሥጋ የምበላው አልፎ አልፎ ነው፤ አጽዋማትንም እጾማለሁ። ምግቤ የጤፍ እንጀራ በሽሮ፣ በምስርና በጎመን ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት 4 ኪሎ ቀነስኩ። ከዚያ ወዲህ ግን ሦስት ወር ሙሉ ሚዛኑ 76 ላይ ቆሟል። ምግቤን ከዚህም በታች ላውርደው ወይስ ስፖርቱን ልጨምር?

መልስ፦ ከሁለቱም በፊት ቤትዎ ውስጥ ያለውን ዘይት ይለኩ። ከጠቀሱልን ምግቦች አንዱም ለጤና የማይስማማ አይደለም። ነገር ግን ለጤና ጥሩ የሆነ ምግብ ሁሉ ክብደት አይጨምርም ማለት አይደለም። ሽሮውም ምስሩም ጎመኑም የሚሠሩት በዘይት ነው፤ በጾም ደግሞ ቅቤው ስለሚቀር እጃችን ዘይቱ ላይ ይበረታል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው፤ ወጥ ስንሠራ ግን በማንኪያ የምንለካ ጥቂቶች ነን፤ አብዛኛው ሰው ከጀሪካኑ ቀጥታ ያንቆረቁራል።

አለካኩ ቀላል ነው። አዲስ ዘይት ሲከፍቱ ቀኑን በማርከር ጀሪካኑ ላይ ይጻፉ፤ ሲያልቅ ስንት ቀን እንደቆየና ስንት ሰው እንደበላበት ያስሉ። ለምሳሌ 5 ሊትር ዘይት ለአራት ሰው አንድ ወር ከበቃ፣ ለአንድ ሰው በቀን 42 ሚሊ ሊትር ገደማ ይደርሰዋል። ይህ ወደ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ይጠጋል፤ በካሎሪ ከ340 በላይ ነው። ጀሪካኑ የሚያልቀው በ20 ቀን ከሆነ ደግሞ ከ500 ያልፋል።

አሁን ይህን ከጠዋቱ ጉዞ ጋር ያስተያዩት። 76 ኪሎ የሚመዝን ሰው አንድ ሰዓት ሞቅ ባለ እርምጃ ሲሄድ፣ ቁጭ ብሎ ቢውል ከሚያቃጥለው በላይ የሚያቃጥለው 200 ካሎሪ ቢሆን ነው። ከሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ያንሳል ማለት ነው። የአምስት ቀኑ ቢደመር 1,000 ካሎሪ ገደማ ይሆናል፤ አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ደግሞ 7,700 ካሎሪ አካባቢ ይዟል። ስለዚህ ጉዞው ብቻውን አንድ ኪሎ ለመቀነስ ሁለት ወር ገደማ ይፈጅበታል፤ ያውም ከጉዞ መልስ ርቦን አንድ ቁራሽ ዳቦ ካልጨመርን ነው። ጉዞውን ግን እንዳያቋርጡ አደራ እንላለን። ለደም ግፊት፣ ለስኳር፣ ለልብና ለእንቅልፍ የሚሰጠው ጥቅም ብዙ ነው፤ የቀነሰው ክብደት ተመልሶ እንዳይመጣም ዋናው ጠባቂ እሱ ነው።

መጀመሪያ ቀንሰው ለምን ቆመ? ሰውነት ሲቀል የሚፈልገው ኃይልም ይቀንሳል። 76 ኪሎ ሲሆኑ፣ ቁጭ ሲሉም ሲሄዱም የሚያቃጥሉት 80 ኪሎ በነበሩበት ጊዜ ከነበረው ያነሰ ነው። በዚያ ላይ ምግብ ሲቀንስ ብዙ ሰው ሳይታወቀው ቀኑን ሙሉ እንቅስቃሴው ይቀዘቅዛል፤ ደረጃ መውጣት ይከብደዋል፣ ቁጭ ማለት ያበዛል። ያኔ ይቀንስ የነበረው የምግብ መጠን ዛሬ ልክ ሚዛኑን ጠብቆ የሚያቆም መጠን ሆኗል። በእርስዎ ዕድሜ፣ ቁመትና ክብደት የቀን ፍላጎትዎ 2,000 ካሎሪ አካባቢ እንደሚሆን እንገምታለን፤ ከዚያ ላይ ከ400 እስከ 500 ቢቀንሱ በሳምንት ግማሽ ኪሎ ያህል መውረድ ይጀምራል። ቁርስና ምሳ እየዘለሉ ከ1,200 በታች መውረድን ግን አንመክርም፤ ጡንቻ ይበላል፣ ማታ ላይም የተራበ ሰው ራሱን መግታት ይከብደዋል።

ከዘይቱ እንጀምር፤ በብዙ ቤት ብዙ ካሎሪ ሳይታወቅ የሚገባው በእሱ ነውና። ለአምስት ሰው ለሚሆን ወጥ አራት ትልልቅ ሽንኩርት ከትፈው፣ ወፍራም ድስት ውስጥ ያለ ዘይት በመለስተኛ እሳት ያቁላሉ። ሽንኩርቱ መያዝ ሲጀምር በማንኪያ ሙቅ ውሃ ጠብ ያድርጉ። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ውስጥ ሟሙቶ ወርቃማ ይሆናል። በርበሬውን ሲጨምሩ እሳቱን ይቀንሱ፤ ዘይት በሌለበት በርበሬ ቶሎ ያርርና ወጡን ያመርረዋል፤ ስለዚህ ሁለት ሦስት ማንኪያ ውሃ አብሮ ይግባ። በርበሬው ከ10 ደቂቃ በላይ በውሃ ከበሰለ በኋላ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይለኩና ይጨምሩ። ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ በደንብ ከገቡ ጣዕሙ አይጎድልም። ብዙ ሰው በዚህ መንገድ ሠርቶ የማይወደው፣ ሽንኩርቱን በ5 ደቂቃ ስለሚያወጣው ነው፤ ጥሬው የቀረ ሽንኩርት ወጡን ውሃ ውሃ ያሰኘዋል።

ቀጥሎ እንጀራው ነው። የጤፍ እንጀራ ብረትና ቃጫ ያለው ጥሩ ምግብ ነው፤ ነገር ግን አንድ ሙሉ እንጀራ ብዙ ጊዜ ከ300 ግራም በላይ ስለሚመዝን 400 ካሎሪና ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። ከትሪ ላይ አብሮ ሲበላ ስንት እንደበሉ ማወቅ አይቻልም፤ ጉርሻውም አለ። የራስዎን ድርሻ፣ ለምሳሌ ግማሽ እንጀራ፣ ቆርጠው አስቀድመው ለይተው ያስቀምጡ። ከወጡ ሥር ያለውን እንጀራ ይተውት፤ ዘይቱን የመጠጠው እሱ ነው። ጎመኑንና ሰላጣውን ግን በዘይት እስካልተጥለቀለቁ ድረስ ያብዙ።

ከምግብ ውጪ የሚገባውንም ይጻፉ። በሻይና በቡና ሦስት ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በቀን አራት ጊዜ ከሆነ ወደ 190 ካሎሪ ይደርሳል። አንድ እፍኝ ለውዝ 170 ገደማ ነው። ስኳር የተጨመረበት የአቮካዶ ጁስ ደግሞ አንድ ሙሉ ምሳ ሊያክል ይችላል። ለአንድ ሳምንት፣ ቅዳሜና እሑድን ጨምሮ፣ አፍዎ የገባውን ሁሉ በገባበት ሰዓት ስልክዎ ላይ ይመዝግቡ። ማታ አስታውሶ መጻፍ አይሠራም፤ ቆሎውና ቅምሻው ይረሳል።

ፕሮቲንዎ የሚያንስ ይመስለናል። በእርስዎ ክብደት በቀን 80 ግራም አካባቢ ቢያገኙ ጡንቻዎ ይጠበቃል፣ ረሃቡም ይታገሳል። 200 ግራም የበሰለ ምስር 18 ግራም ይሰጣል፤ ሁለት እንቁላል 12 ግራም። በጾም ወቅት ሽሮን በምስር፣ በባቄላና በአተር ማጠናከር ያስፈልጋል።

ስፖርት ይጨመር ካሉ የጉዞውን ሰዓት ከማስረዘም ይልቅ በሳምንት ሁለት ቀን የጡንቻ ሥራ ያስገቡ። ወንበር ላይ ቁጭ ብድግ፣ ጠረጴዛ ተደግፎ ፑሽ አፕ፣ በጀርባ ተኝቶ ዳሌ ማንሳት፣ ውሃ የተሞላ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ጎንበስ ብሎ ወደ ጎድን አጥንት መሳብ ይበቃል። እያንዳንዱን 10 ጊዜ፣ ሦስት ዙር። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ካልከበዱዎት ክብደቱ አንሷል፤ ይጨምሩ።

ሚዛን ላይ የሚወጡበት መንገድም ያሳስታል። ጨው የበዛበት ምግብ ወይም የወር አበባ ሊመጣ ሲል የሚቋጠር ውሃ ብቻውን አንድ ሁለት ኪሎ ያንቀሳቅሳል። ጠዋት ከመጸዳጃ ቤት መልስ፣ ምንም ሳይቀምሱ ይመዘኑ፤ የሰባቱን ቀን ደምረው ለሰባት ያካፍሉ፤ ያንን አማካይ ካለፈው ወር ተመሳሳይ ሳምንት ጋር ያወዳድሩ። ወገብዎንም በሜትር ይለኩ፤ ጡንቻ ሲጨምር ሚዛኑ ቆሞ ወገቡ ሊቀንስ ይችላል።

ዘይቱ ተለክቶ፣ ምግቡ ተመዝግቦ አራት ሳምንት አማካዩም ወገቡም ካልተነቃነቀ ሐኪም ያማክሩ። ብርድ የማይችሉ፣ የሚደክምዎት፣ ሆድዎ የሚደርቅ፣ ፀጉርዎ የሚረግፍ ከሆነ የታይሮይድ ምርመራ፣ ማለትም ቲኤስኤች፣ ያሠሩ። የወር አበባዎ የሚዛባ ወይም ፊትዎ ላይ ፀጉር የሚበቅል ከሆነም ለሐኪሙ ይንገሩ።

ጥያቄ፦ የ45 ዓመት ወንድ ነኝ። በሳምንት አራት ቀን ጂም እገባለሁ፣ በየቀኑ 200 ሲት አፕ እሠራለሁ። ወገቤ 104 ሴንቲ ሜትር ነው። ሆዴን በላስቲክ ጠቅልዬም ሞክሬያለሁ። ቅዳሜና እሑድ ከጓደኞቼ ጋር ሦስት ሦስት ቢራ እጠጣለሁ፤ ሌላ ቀን አልነካም። ቦርጩ ለምን አልጠፋም?

መልስ፦ ሲት አፕ የሆድን ጡንቻ ያጠነክራል እንጂ ከላዩ ያለውን ስብ ለይቶ አያቃጥልም፤ ስብ ከመላ ሰውነት ነው የሚቀንሰው። ላስቲኩ የሚያወጣው ላብ ነው፤ ውሃ ሲጠጡ ይመለሳል። 330 ሚሊ ሊትር ቢራ 140 ካሎሪ ገደማ አለው፤ ስድስቱ ከ800 በላይ ይሆናል፤ አጠገቡ የሚቀርበውን ጥብስ ሳንቆጥር። ሰውነት አልኮሉን አስቀድሞ ስለሚያቃጥል የጥብሱ ስብ ይከማቻል። ለአንድ ወር ሁለቱን ቀን ወደ አንድ፣ ሦስቱን ቢራ ወደ አንድ ያውርዱና ወገብዎን ይለኩ። ሜትሩን በመጨረሻው የጎድን አጥንትና በዳሌ አጥንት መካከል፣ ትንፋሽ አስወጥተው፣ ሳይጠብቁ ያዙሩት። ለወንድ ከ94 ሴንቲ ሜትር በላይ መሆን ለስኳርና ለልብ ሕመም ስጋት ነው፤ እርስዎ 104 ላይ ስላሉ የደም ግፊትና የስኳር ምርመራ አያቆዩ።

ጥያቄ፦ የሦስት ወር የወሊድ መከላከያ መርፌ ከጀመርኩ ወዲህ በስድስት ወር ከ58 ወደ 63 ኪሎ ገባሁ። መርፌው ይሆን?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል። በአንዳንድ ሴቶች ላይ ይህ መርፌ ክብደት ይጨምራል፤ በመጀመሪያው ስድስት ወር ከክብደታቸው 5 በመቶ በላይ የጨመሩት ደግሞ ወደፊትም የመጨመር ዕድላቸው ሰፊ ነው። የእርስዎ ወደ 9 በመቶ ስለሚጠጋ ለቀጣዩ መርፌ ቀጠሮዎ ሲደርስ ስለሌላ አማራጭ፣ ለምሳሌ ማህፀን ውስጥ ስለሚቀመጠው ሆርሞን የሌለው የመዳብ ሉፕ፣ ባለሙያዋን ያነጋግሩ። መተኪያውን ሳይጀምሩ መርፌውን አያቋርጡ። እንደ ፕሬድኒሶሎን፣ አሚትሪፕቲሊን፣ ኦላንዛፒን፣ ቫልፕሮዬት፣ ግሊቤንክላማይድና ኢንሱሊን ያሉ መድኃኒቶችም ክብደት ሊጨምሩ ይችላሉ። ከእነዚህ አንዱን የሚወስድ አንባቢ ካለ የመድኃኒቱን ካርቶን ይዞ ወደ ሐኪሙ ይሂድ፤ በተለይ ፕሬድኒሶሎንን በራስ ፈቃድ በድንገት ማቆም ሕይወትን አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል።