የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ዊንዶውስ 11 የማይቀበለው ላፕቶፕና የኤኤምዲ ስም

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ በሐዋሳ ከተማ በሒሳብ ሥራ የምተዳደር አንባቢያችሁ ነኝ። ላፕቶፔ ኢንቴል ኮር አይ 5፣ 6ኛ ጄኔሬሽን ሲሆን ራሙ 8 ጊጋባይት ነው። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ቆሟል ስለተባለ 11ን ልጫንበት ብል መስፈርቱን አያሟላም አለኝ። አንድ ባለሙያ ክልከላውን አልፌ እጭንልዎታለሁ አለኝ፤ ሌላው ያገለገለ የኤኤምዲ (ከኢንቴል ጋር የሚፎካከር የፕሮሰሰር፣ ማለትም የኮምፒውተር አንጎል አምራች) ላፕቶፕ እንድገዛ መከረኝ። ጓደኞቼ ደግሞ «አዲስ ዊንዶውስ መቼም ችግር አያጣውም፣ ኤኤምዲም ይግላል» ይሉኛል። የማንን ምክር ልስማ?

መልስ፦ ጓደኞችዎ የሚሉት ያለ ምክንያት የተወራ አይደለም፤ ችግሩ ወሬው ያረጀ መሆኑ ነው።

አዲስ ዊንዶውስን መፍራት ሥር የሰደደው ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ ይመስለኛል። ቪስታ በ2007 መጀመሪያ ለገበያ ሲቀርብ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ተጠቃሚው ከ2001 ጀምሮ የለመደውን ዊንዶውስ ኤክስፒን መተው አልፈለገም፤ ብዙ ፕሪንተሮችና ስካነሮች የሚስማማቸው ድራይቨር (ዕቃውን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) አጡ፣ በየጊዜው ፈቃድ የሚጠይቀው መስኮትም ሰውን አሰለቸ። ከሁሉ የከፋው ግን በ2006 ለቪስታ ብቁ ነው የሚል ተለጣፊ ተለጥፎባቸው ከተሸጡት ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ ዝቅተኛውን የቪስታ ዓይነት ብቻ የሚሸከሙ መሆናቸው ሲሆን፣ ጉዳዩ አሜሪካ ውስጥ ፍርድ ቤት ደርሷል። በጥቅምት 2009 የወጣው ዊንዶውስ 7 በዚያው በቪስታ መሠረት ላይ የተሠራ ሆኖ ሳለ ሕዝቡ በደስታ ተቀበለው፤ ምክንያቱም ከራሱ መሻሻል በተጨማሪ፣ በመካከሉ ባለፉት ዓመታት የኮምፒውተሮቹ አቅም አድጎ፣ አምራቾችም ድራይቨራቸውን አዘጋጅተው ነበር። ስለዚህ በቪስታ ላይ የተሰነዘረው ወቀሳ አብዛኛው ቪስታ ለተጫነበት ማሽን የሚገባ ነበር ብዬ አምናለሁ። በ2012 የስታርት ቁልፍን ያነሳውን ዊንዶውስ 8ን ግን በዚህ ምክንያት አልከላከልለትም።

የእርስዎ ላፕቶፕ ነገር ከዚህ ይለያል። ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀው ራም 4 ጊጋባይት ብቻ ነው፤ የእርስዎ እጥፉ አለው። የተከለከለው አቅም አንሶት ሳይሆን፣ ማይክሮሶፍት በ2021 ለደኅንነት ሲል ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የምስጢር ቁልፎች መጠበቂያ ግዴታ ስላደረገና ከኢንቴል በኩል በጥቅሉ ከ8ኛ ጄኔሬሽን ወዲህ ያሉትን ፕሮሰሰሮች ብቻ ስለሚቀበል ነው። ደህና የሚሠራ ዕቃ እጁ ላይ እያለ አርጅቷል የሚባል ሰው ቢያዝን እውነት አለው። ሆኖም ክልከላውን አልፎ በተጫነ ዊንዶውስ 11 ላይ ማሻሻያ መድረሱ ዋስትና የለውምና፣ የሰው ሒሳብ የተቀመጠበትን ኮምፒውተር ለዚህ ባያጋልጡት እመክራለሁ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ቢያበቃም፣ ለግል ተጠቃሚዎች እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026 የሚቆይ የደኅንነት ማሻሻያ ተዘጋጅቷል፤ በማይክሮሶፍት አካውንት ገብተው የኮምፒውተሩን ሴቲንግ ባክአፕ ካደረጉ ያለ ክፍያ ይመዘገባሉ። አሁኑኑ ተጣድፈው ከመግዛት በዚህ ጊዜ ገንዘብ ቢያጠራቅሙ ይሻላል።

ኤኤምዲ ይግላል የሚለው በ2011 ከወጣው፣ ቡልዶዘር ከተባለው የኤኤምዲ ፕሮሰሰር ዘመን የቀረ ነው። በ2013 የወጣው የዚያው ቤተሰብ ኤፍኤክስ 9590 እስከ 220 ዋት ኃይል የተመደበለትና በዚያው ልክ የሚግል ስለነበር ሐሜቱ በጊዜው ትክክል ነበር። በመጋቢት 2017 ግን ራይዘን የተባለው የኤኤምዲ አዲስ ፕሮሰሰር መጣ፤ ባለ 8 ኮሩ (ኮር በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ የስሌት ክፍል ነው) 1800ኤክስ በ499 ዶላር ሲቀርብ፣ የኢንቴል ባለ 8 ኮር ከ1,000 ዶላር በላይ ይሸጥ ነበር። በ2020 ደግሞ ራይዘን 4000 በ15 ዋት 8 ኮር ይዞ ላፕቶፕ ውስጥ ገባ። በአንጻሩ በ2024 በ13ኛና በ14ኛ ጄኔሬሽን የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮቹ ላይ የመቆራረጥ ችግር ደርሶበት ዋስትናውን በ2 ዓመት ያራዘመው ኢንቴል ነው።

ሱቅ ሲገቡ እንደተለመደው «ስንተኛ ጄኔሬሽን ነው?» ብቻ ብለው አይመለሱ። ለኢንቴል ጥያቄው ይሠራል፤ ለኤኤምዲ ግን ሙሉውን የሞዴል ቁጥር ሴቲንግ ውስጥ ገብተው በዓይንዎ ይዩ። ራይዘን 5 2500ዩ ያለው ላፕቶፕ ከዊንዶውስ 11 ዝርዝር ውጭ ነው፤ 3500ዩ ግን አለበት። ሁለቱም ላይ የሚታየው ተለጣፊ ራይዘን 5 ስለሚል ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ዋሽንግተን የሚኖረው ወንድሜ ስናፕድራገን ፕሮሰሰር ያለው አዲስ ላፕቶፕ ሊያመጣልኝ ነው። ለሱቄ ሥራ ይሆነኛል?

መልስ፦ ስናፕድራገን ከኢንቴልና ከኤኤምዲ በተለየ አሠራር የተሠራ ፕሮሰሰር ነው። ባትሪው ረጅም ሰዓት ይቆያል፤ ለኢንቴል የተጻፉ አብዛኞቹ ፕሮግራሞችም በዊንዶውስ ውስጥ ባለው አስተርጓሚ በኩል ይሠራሉ። ድራይቨር ግን በዚህ መንገድ አይሠራም። ስለዚህ ወንድምዎ ከመግዛቱ በፊት የደረሰኝ ማተሚያዎንና የባርኮድ ማንበቢያዎን ሞዴል ይላኩለትና፣ አምራቾቹ ለዚህ ዓይነት ፕሮሰሰር የሚሆን ድራይቨር አውጥተው እንደሆነ አብራችሁ አጣሩ፤ ከሌለ ባለ ኢንቴል ወይም ባለ ኤኤምዲ ያምጣልዎት።