ጉንፋን ይዞኝ ታማሚ ልጠይቅ?

የአንባቢያን ጥያቄና የሐኪም መልስ

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ስለ አንድ ጉዳይ ናቸው፤ የካንሰር ሕሙማን በተኙበት ክፍል ስለሚዛመት ጉንፋን። ስለዚህ የዛሬውን አምድ ሙሉውን ለእሱ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምንኖረው ሲያትል ነው። እናቴ የደም ካንሰር አለባት፣ ኬሞ ጀምራ ሆስፒታል ከተኛች ሳምንታት አልፈዋል። አሁን ደግሞ አርኤስቪ የሚባል ቫይረስ እዚያው ክፍል ሁለት በሽተኞች ላይ ተገኘ ብለው ልጆች እንዳይገቡ ከለከሉ። አዋቂም ቢሆን ከሁለት ሰው በላይ አያስገቡም፤ በር ላይ "ያስልሃል? አፍንጫህ ይፈሳል?" እያሉ ይመረምሩናል። ገና ደርሷል፣ ዘመድ ሁሉ ሊጠይቃት ተዘጋጅቶ ነበር። አክስቴ "ለጉንፋን ብለው ሴትየዋን ብቻዋን አስቀሯት" ብላ ተቆጥታለች። እውነት ይህን ያህል የሚያስፈራ ነገር ነው? ሆስፒታል ውስጥስ ከየት መጣ?

መልስ፦ አክስትሽ ይቅርታ ያድርጉልኝና እኔ ከሆስፒታሉ ጋር ነኝ።

አርኤስቪ ለእኔና ለአንቺ ጉንፋን ነው። ልጆች ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ሁሉንም ማለት ይቻላል ይይዛቸዋል። ካደግንም በኋላ እየተመላለሰ ይይዘናል፤ ጥቂት ቀን አፍንጫችን ይፈስና ይለቀናል። እናትሽ ግን ኬሞው ነጭ የደም ሴሎቿን አመናምኖባታል። ስለዚህ ቫይረሱ ከአፍንጫ ወደ ሳንባ ልውረድ ሲል የሚያግደው ነገር ትንሽ ነው። ሳንባ ከገባ ደግሞ አስተማማኝ መድኃኒት የለንም። ሪባቫይሪን የሚባል አለ፣ አንዳንድ ማዕከላት ይሰጡታል፣ ግን "ይኸው መድኃኒቱ" ብሎ ደረትን የሚያስነፋ አይደለም።

እዚያው እናንተ ከተማ የሆነውን ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ1990 መጀመሪያ ወራት ሲያትል በሚገኘው የፍሬድ ሃቺንሰን የካንሰር ምርምር ማዕከል አርኤስቪ ገባ። የአጥንት መቅኔ ንቅለ ተከላ (ደም የሚሠራውን መቅኔ የመተካት ሕክምና) ከተደረገላቸው 199 ሕሙማን 31ዱን ያዘ። ከ31ዱ 18ቱ የሳንባ ምች ሆነባቸው። ከ18ቱ ደግሞ 14ቱ ሞቱ። ቁጥሩን ወስደሽ እናትሽ ላይ አትለጥፊው፤ ከዚያ ወዲህ ምርመራውም እንክብካቤውም ተሻሽሏል፣ ንቅለ ተከላ ያደረገ ሰውም ከሌላው የኬሞ ታካሚ የባሰ ተጋላጭ ነው። ግን በር ላይ የቆመችው ነርስ ለምን እንደማትቀልድ ይህ ታሪክ ያስረዳሽ ይሆናል። ያለፈ ዘመን ጉዳይ ብቻም አይደለም፦ እ.ኤ.አ. በ2011 ማብቂያና በ2012 መጀመሪያ ባሉት የብርድ ወራት ጀርመን ሃይደልበርግ ውስጥ በአንድ የደም ካንሰርና የንቅለ ተከላ ክፍል ከ50 በላይ ሕሙማን ተይዘዋል።

ከየት መጣ ላልሽው፣ ከእኛው ነው። ከጠያቂው፣ ከአስታማሚው፣ "ትንሽ ነው የሚያስለኝ" ብሎ ሥራ ከገባው ባለሙያ፣ በዋናነት ደግሞ መዋዕለ ሕፃናት ውሎ ከመጣው ልጅ። የንቅለ ተከላ ክፍሎች አየር በልዩ ማጣሪያ ያልፋል፤ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ክፍሉ ሙሉ በሙሉ የተጠበቀ ይመስላቸዋል። ማጣሪያው በተለይ የታሰበው ከውጭ ለሚመጣ የሻጋታ ብናኝ ነው። በበሩ ገብቶ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ የሚያስነጥስን ሰው ማጣሪያ አያቆመውም።

እዚህ ላይ በጣም የምወደው አንድ የድሮ ጥናት አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ የታተመ። አርኤስቪ የያዛቸው ሕፃናት ወደተኙበት ክፍል ጤነኛ ፈቃደኞችን በሦስት ቡድን አስገቡ። የመጀመሪያዎቹ ሕፃኑን አቀፉት፣ አጫወቱት፣ ዳይፐሩን ቀየሩለት። ሁለተኛዎቹ ሕፃኑ በሌለበት ገብተው አልጋውንና ዕቃውን ከነኩ በኋላ በዚያው እጃቸው አፍንጫቸውንና ዓይናቸውን ነኩ። ሦስተኛዎቹ ምንም ሳይነኩ ራቅ ብለው ተቀመጡ። ካቀፉት 7 ሰዎች 5ቱ ተያዙ። ዕቃ ብቻ ከነኩት 10 ሰዎችም 4ቱ ተያዙ፤ ልብ በይ፣ ሕፃኑን አላዩትም! ራቅ ብለው ከተቀመጡት 14 ሰዎች አንድም የተያዘ የለም። አርኤስቪ በደረቅ ዕቃ ላይ፣ እንደ አልጋ ብረትና ጠረጴዛ ባለው ላይ፣ ለብዙ ሰዓት ይቆያል። እጅ ታጠቡ እያልን የምንጨቀጭቃችሁ ለዚህ ነው። (ኢንፍሉዌንዛና ኮቪድ ግን በአየርም አብዝተው ስለሚተላለፉ ራቅ ብሎ መቀመጥ ብቻውን ለእነሱ አይበቃም።)

ክልከላው በሳምንት ካልተነሳ አትናደዱ። ቫይረሱ ከያዘ በኋላ ምልክት እስኪያሳይ ከ2 እስከ 8 ቀን ይወስዳል፤ ስለዚህ ዛሬ ደህና የሚመስለው የጎረቤት ታካሚ ነገ ሊያስል ይችላል። ጤነኛ ሰው ቫይረሱን የሚያስተላልፈው አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 8 ቀን ነው። መከላከያው የተዳከመ ታካሚ ግን 4 ሳምንትና ከዚያም በላይ ሊያስተላልፍ ይችላል፣ ሳሉ ቆሞም ቢሆን።

ለገናው እንዲህ አድርጉ። ፍጹም ጤነኛ የሆኑ ሁለት ሰዎች ምረጡ፣ እነሱ ብቻ ይመላለሱ። ሲገቡም ሲወጡም እጃቸውን ያጽዱ፣ ማስካቸውን አፍንጫቸው ድረስ ያድርጉ፣ መሳሳሙ ይቅር። ሌላው ዘመድ በቪዲዮ ይደውልላት፣ እናንተ ቤት ተሰብስባችሁ እሷን በስልክ መሃላችሁ አስገቧት። እኛ አገር ታማሚ አለመጠየቅ ነውር ነው፣ አውቃለሁ፤ አክስትሽም የተናደዱት ከፍቅር ነው። ስለዚህ "አትምጪ" ከምትያቸው አንድ ሥራ ስጫቸው፦ በየማታው ለእናትሽ የሚደውሉት እሳቸው ይሁኑ። አዋቂዎቹ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ውሰዱ። የአርኤስቪ ክትባትም እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ለትልልቅ ሰዎች ስለሚሰጥ፣ ለእናትሽ መቼ ቢሰጣት እንደሚሻል ሐኪሟን ጠይቂ።

ጥያቄ፦ እኔ አዲስ አበባ ነኝ። ታናሽ ወንድሜን ኬሞ ሲወስድ የማስታምመው እኔ ነኝ። አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት አልጋ አለ፣ በየአልጋው ሥር አስታማሚ አለ፣ ሌሊት መሬት ላይ ነው የምናድረው። አጠገቡ የተኛው ልጅ ሳል ጀምሯል። ለብቻ የሚሆን ክፍል የለም ተባልኩ። የውጭ አገር ምክር ለኛ ምን ይጠቅማል?

መልስ፦ ልክ ነህ ወንድሜ፤ "ለይታችሁ አስተኙ" የሚል ምክር ክፍል ለሌለው ሰው ስድብ ነው። ግን በጣም ከሚሠሩት ነገሮች አንዱ ርካሽ ነው። አሜሪካ በሚገኘው የዱክ ዩኒቨርሲቲ የንቅለ ተከላ ሕሙማንን የሚቀርብ ሰው ሁሉ፣ ሐኪምም ጠያቂም፣ አመመው አላመመው፣ ማስክ ያድርግ ተባለ። ከዚያ በፊት ከ100 ታካሚ 10 ያህሉን የመተንፈሻ ቫይረስ ይይዛቸው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ወደ 4 ወረደ። ውድ ማሽን አልገዙም። ተራውን የቀዶ ሕክምና ማስክ ነው የተጠቀሙት።

ስለዚህ ዛሬውኑ ነርሷን "እህቴ፣ የሚያስለውን ልጅ ወደ መስኮቱ ዳር ልናዛውረው እንችላለን?" ብለህ ጠይቃት። በጭቅጭቅ አይሁን፣ ልጁም ታማሚ ነው፣ ምናልባትም ከአንዳችን ነው የያዘው። ከቻለ እሱም ማስክ ያድርግ። መስኮቱን ክፈቱት። "ብርድ ይመታዋል" የሚል ሰው እንደማይጠፋ እርግጠኛ ነኝ፤ ወንድምህን ደህና አድርገህ ሸፍነውና መስኮቱ ይከፈት፣ ቫይረሱ የሚመጣው ከሰው እንጂ ከነፋሱ አይደለም።

የአንተ እጅ እዚያ ክፍል ውስጥ የነርስ እጅ ማለት ነው። አስታማሚዎች ደግ ናችሁ፣ አንዱ ዞር ሲል ሌላው የሱን ታማሚ ያነሳል፣ ውኃ ያጠጣል፣ ሽንት ይደፋል። ይህ ደግነት አይቅር፤ ግን ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው በሄድክ ቁጥር እጅህን ታጠብ ወይም ሳኒታይዘር ተጠቀም። ኩባያ፣ ፎጣና ማንኪያ አትዋዋሱ። ስልክህንም ጥረገው፣ በቀን ስንቴ እንደምትነካው አንተ ታውቃለህ። አስታማሚ አትቀያይሩ፤ ዛሬ አንተ፣ ነገ የአጎት ልጅ፣ ከነገ ወዲያ ጓደኛ ከሆነ በየቀኑ አዲስ አፍንጫ እያስገባችሁ ነው። አንተን ካመመህ ግን ያለ ማመንታት ሌላ ሰው ይተካህ።

አንድ ነገር በተለይ አደራ። ቴርሞሜትር ግዛ። ትኩሳቱ 38.3 አንዴ እንኳ ከታየ፣ ወይም 38 ሆኖ አንድ ሰዓት ከቆየ፣ ሌሊትም ቢሆን ነርስ ቀስቅስ። ከሆስፒታል ወጥታችሁ ቤት ከሆናችሁም በዚያው ሰዓት ተነስታችሁ ሂዱ። ፓራሲታሞል ሰጥተህ "እስኪ ነጋ ብዬ ልየው" አትበል፤ መድኃኒቱ ትኩሳቱን ይደብቀዋል፣ ሕመሙን ግን አያቆመውም። አንዳንዱ ታካሚ፣ በተለይ ስቴሮይድ የሚወስድ፣ ጭራሽ ሳያተኩሰው ሳንባው ሊታመም ይችላል። ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም ሲናገር ቁርጥ ቁርጥ ካለበት ትኩሳት አትጠብቅ።

ጥያቄ፦ ከእስራኤል ነው የምጽፈው። ባለቤቴ የመቅኔ ንቅለ ተከላ ቀጠሮ ነበረው። በአፍንጫው ናሙና ወስደው ቫይረስ አለ ብለው ቀጠሮውን አራዘሙት። እሱ ግን ከትንሽ ንፍጥ በቀር ምንም አላለውም። ካንሰሩ እየጠበቀን ነው እንዴ?

መልስ፦ ጭንቀትሽ ይገባኛል፣ ውሳኔው ግን አስተዋይ ነው። ከንቅለ ተከላ በፊት የሚሰጠው ኃይለኛ ኬሞ ያለውን የመከላከያ አቅም ሙልጭ አድርጎ ያወርደዋል። ዛሬ ንፍጥ ብቻ የሆነው ቫይረስ ያኔ ሳንባ ውስጥ ሊወርድ ይችላል። ካንሰሩ ጊዜ የሚሰጥ ዓይነት ከሆነ ቫይረሱ እስኪለቀው መጠበቅ ይሻላል፤ የማይሰጥ ከሆነ ሐኪሞቹ ሁለቱን አደጋ አመዛዝነው ይገቡበታል። "የባለቤቴ ካንሰር ስንት ሳምንት መጠበቅ ይችላል?" ብለሽ በቀጥታ ጠይቂያቸው። መልስ ሊሰጡሽ የሚገባ ጥያቄ ነው።

ጥያቄ፦ ነርስ ነኝ፣ የካንሰር ክፍል ነው የምሠራው። ጉሮሮዬን ከርክሮኛል። ከቀረሁ ደሞዝ ይቆረጥብኛል፣ ጓደኞቼም ይደራረብባቸዋል። ማስክ አድርጌ ብገባስ?

መልስ፦ አትግቢ። ለኃላፊሽ ዛሬውኑ ንገሪ፣ ምርመራ ካለ ተመርመሪ። ሌላ ምርጫ ከሌለ ከካንሰር ክፍል ውጭ እንዲመድቡሽ ጠይቂ። ይህን ስልሽ ግን ጥፋቱን አንቺ ላይ መደፍደፌ አይደለም። ሲታመም ለሚቀር ሠራተኛ ደሞዝ የሚቆርጥ ተቋም ቫይረሱን ራሱ ጠርቶ አስገባ ማለት ነው፤ በሩ ላይ የፈለገውን ያህል "ሳል ያለበት አይግባ" የሚል ወረቀት ይለጥፍ።

ጥያቄ፦ የእናቴ የንስሐ አባት ሆስፒታል እየመጡ መስቀል ያሳልሟታል። ከእሷ በኋላ የክፍሉ ሰው ሁሉ ይሳለማል። ነርሷ ቅር እንዳላት ታየኝ። አባን እንዴት ብዬ ነው የምናገራቸው?

መልስ፦ በአክብሮት፣ ከመግባታቸው በፊት ኮሪደሩ ላይ። "አባታችን፣ የሕሙማኑ መከላከያ ስለደከመ ሐኪሞቹ አንዱ የነካውን ሌላው እንዳይነካ ብለዋልና፣ ከፍ አድርገው ቢባርኩን" በላቸው። አብዛኞቹ ካህናት በኮቪድ ጊዜ እንዲህ ሲያደርጉ ስለነበር አይከብዳቸውም። እናትህ ካልተሳለምኩ የምትል ከሆነ መጀመሪያ እሷን ያሳልሟት። የብረት መስቀል ከሆነ ከዚያ በፊትም፣ ሌላ ሰው ከመሳለሙ በፊትም፣ በአልኮል ይጠረግና ይድረቅ። እሳቸውን ጉንፋን ከያዛቸው ደግሞ ጸሎቱን በስልክ ያድርሱላት።