የመሣሪያ ክፍሉን ቁልፍ ለምትረከቡ ወጣቶች

ልጆቼ፣ ቴአትር ቤት ውስጥ ሰይፍና ሽጉጥ የሚጠብቅ ሰው ስሙ ፖስተር ላይ አይወጣም፤ የተዋንያኑ ሕይወት ግን በእጁ ነው። ቁልፉን ስትረከቡ አንድ ነገር አደራ እላችኋለሁ፤ «ይሄ እኮ የውሸት ነው» ሲሏችሁ አትቀበሉ። ስለት የሌለው ብረትም ዓይን ያጠፋል።

እ.ኤ.አ. በ2008 በቪየናው ቡርግቴአትር አንድ ተዋናይ ራሱን ሲያጠፋ በሚያሳይ ትዕይንት ላይ የያዘው ቢላ ስለቱ አልደነዘዘም ነበርና አንገቱን ቆረጠው። ደሙ ሲፈስ ያየው ተመልካች ትወና መስሎት አጨበጨበ። ሰውየው ተረፈ። ወደ መድረክ የሚወጣን ስለት በየምሽቱ በገዛ እጃችሁ ፈትሹ የምላችሁ ለዚህ ነው። ትናንት ደህና ነበር ማለት አይበቃም።

ሁለት ሰይፍ በተጋጨ ቁጥር ጠርዙ ጥርስ ያወጣል። ጥርሱ ለዓይን ላይታይ ይችላል፤ ያረጀ የናይለን ካልሲ ጠርዙ ላይ ስታሳልፉበት ግን ክሩን ይይዘዋል። የያዘውን ቦታ በሞረድ አስተካክሉ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ። ቀጥሎ ሰይፉን ወደ ጆሮ አስጠግታችሁ ነቅነቅ አድርጉት። እጀታው ውስጥ ኳ ኳ ካለ ላልቷልና፣ እስኪጠብቅ ድረስ ወደ መድረክ አይውጣ። እጀታው ሥር ስንጥቅ ካያችሁ ግን ጠግናችሁ አትመልሱት፤ ከሥራ ይውጣ።

ላብ ብረትን ያዝጋል። ትዕይንቱ እንዳለቀ በደረቅ ጨርቅ ወልውሉት፣ ስስ ዘይት ቀቡት፤ እጀታው ላይ ግን ዘይት አይንካ፣ ያንሸራትታል። በቆዳ ሰገባ ውስጥ አታሳድሩት። ቆዳ እርጥበት ስለሚይዝ ብረቱ ከውስጥ ሲዝግ አይታያችሁም።

ስለ ሽጉጥ ሳወራ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ። እርሳስ (ተወርውሮ የሚመታው የጥይት ጫፍ) የሌለው፣ ባሩድ ብቻ ያለው ጥይትም በቅርብ ርቀት ይገድላል። ተዋናዩ ጆን-ኤሪክ ሄክሰም እ.ኤ.አ. በ1984 በቀረጻ ቦታ ቆስሎ ከቀናት በኋላ ሆስፒታል ውስጥ የሞተው እንዲህ ያለውን ጥይት ጭንቅላቱ ላይ አስጠግቶ በመተኮሱ ነው። በ1993 ደግሞ ተዋናዩን ብራንደን ሊን በፊልም ቀረጻ ላይ የገደለው ቀደም ሲል አፈሙዙ ውስጥ ተሰክቶ የቀረ እርሳስ ነበር፤ ባሩዱ ገፍቶ አወጣው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ትርኢት በፊት ጥይቱን አውጥታችሁ፣ አፈሙዙን በባትሪ ብርሃን እዩ። ለተዋናዩም አሳዩት። እውነተኛ ጥይት የቴአትር ቤቱን ደጃፍ አልፎ አይግባ። ባሩዱ ከሽጉጡ ተለይቶ በሌላ ሳጥን ይቆለፍ።

መሣሪያ ከእጅ ወደ እጅ እንጂ ጠረጴዛ ላይ ተጥሎ አይሰጥም። ማን እንደወሰደ፣ ማን እንደመለሰ መዝገብ ላይ ይጻፍ፤ ታዋቂ ተዋናይም ቢሆን ይፈርም። መጋረጃ ሊከፈት ሲል አዘጋጁ ሊያጣድፋችሁ ይችላል። ያኔም ቢሆን ከተጠራጠራችሁ አትስጡ። የዚያን ምሽት የተኩሱን ድምፅ ከድምፅ ማጉያ አሰሙ፤ ተውኔቱ ሳይጎድል ይቀጥላል።