ለባሕር ዳር አስጎብኚ፦ የኪስ ካሜራ ወይስ ጀማሪ ሚረርለስ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ላሳጥረው፦ ባሕር ዳር አስጎብኚ ነሽ፣ እንግዶችን በጀልባ ወደ ዘጌ ገዳማትና ወደ ዓባይ መውጫ ትወስጃለሽ፤ ስልክሽ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አልሆንሽም፤ በያዝሽው ብር ወይ ያገለገለ ሶኒ አር ኤክስ 100 የተባለ የኪስ ካሜራ ወይ ደግሞ ጀማሪ ሚረርለስ (ሌንሱ የሚቀየር ካሜራ) ከነኪት ሌንሱ፣ ማለትም አብሮት ከሚሸጠው ሌንስ ጋር፣ ይወጣልሻል። የትኛውን?

ብዙ ሰው "ሚረርለስ ግዢ፣ ሴንሰሩ ትልቅ ነው" ይልሻል። ሴንሰር ማለት ካሜራው ውስጥ ብርሃን ተቀብሎ ምስል የሚሠራው ክፍል ነው፤ ትልቅ መሆኑስ እውነት ነው። ነገር ግን ኪት ሌንሱን ብቻ ይዘሽ ከቀረሽ፣ ያ ትልቅ ሴንሰር ኡራ ኪዳነ ምሕረት ውስጥ የሚጨምርልሽ ነገር የለም፤ እንዲያውም የኪስ ካሜራው ሊበልጠው ይችላል። የምታወዳድሪው ካሜራውን ሳይሆን ፊቱ ላይ ያለውን ሌንስ ይሁን።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። የአር ኤክስ 100 እና የአቻው የኪስ ካሜራ የካኖን ጂ 7 ኤክስ ሴንሰር "ባለ 1 ኢንች" የሚባለው ነው፤ ልኩ 13.2 በ8.8 ሚሊ ሜትር። የሶኒ፣ የኒኮንና የፉጂ ጀማሪ ሚረርለሶች ኤፒኤስ-ሲ የሚባለውን ይይዛሉ፤ 23.5 በ15.6 ገደማ ነው፣ የካኖኑ ትንሽ ያንሳል። በስፋት ሲሰላ ትልቁ የትንሹ 3 እጥፍ ይሆናል። አሁን ወደ ሌንሱ እንምጣ። አር ኤክስ 100 ማርክ (ትውልድ) 3፣ 4 እና 5 ሰፊው ጫፍ ላይ እስከ ኤፍ 1.8 ይከፈታሉ (የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ሌንሱ ይበልጥ ይከፈታል፣ ብርሃኑም ይበዛል)፤ ዙም ስታደርጊ 2.8 ላይ ይቆማሉ። ከሶኒ ኤ 6000 ሚረርለስ ጋር የሚመጣው ኪት ሌንስ 16-50 ግን ከ3.5 ጀምሮ መጨረሻው ላይ 5.6 ይደርሳል። በሁለቱም ጫፍ የኪስ ካሜራው ሌንስ ወደ 4 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። በሴንሰር 3 እጥፍ ተበልጦ በሌንስ 4 እጥፍ በለጠ ማለት ነው።

ገዳሙ ውስጥ ሲሆን ይህ በቁጥር ይታያል። በሩ ተከፍቶ ብርሃን በጎን ሲገባ፣ አር ኤክስ 100 በኤፍ 1.8 እና በአይ ኤስ ኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 800 የ1/40 ሰከንድ ፍጥነት ቢሰጥሽ፣ ኤ 6000 በኪት ሌንሱ ያንኑ 1/40 ለማግኘት አይ ኤስ ኦ 3200 ገደማ ይፈልጋል። ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን ብታስቀምጪ የኖይዙ (በጨለማ ምስሉ ላይ የሚወጣው ነጠብጣብ) መጠን ተቀራራቢ ነው። መቅደሱን ዙሪያውን የሸፈነውን ሥዕል ስታነሺ ደግሞ ወደ ኋላ የምትሸሺበት ቦታ ስለሌለ የሌንሱ ስፋት ወሳኝ ነው። 24 ሚሊ ሜትር የሚያህል እይታ ያስፈልግሻል (ቁጥሩ ሲያንስ እይታው ይሰፋል፣ ሲጨምር ሩቁን ያቀርባል)፤ አር ኤክስ 100 ከማርክ 3 ጀምሮ ይሰጥሻል፣ የሶኒ 16-50ም፣ 16ቱ በኤፒኤስ-ሲ ሴንሰር 24 ያህል ስለሚሆን፣ ይሰጥሻል። የካኖን አር 50 ሚረርለስ ኪት ሌንስ 18-45 ግን በካኖን ሴንሰር 29 ገደማ ስለሚሆን የሥዕሉ ጠርዝ ይቆረጥብሻል።

እዚያው ውስጥ ስትሠሪ ፍላሹን ብቻ አጥፍተሽ አትቁሚ። ፎከስ ሲፈልግ ካሜራው ፊት ላይ የምትበራውን ብርቱካናማ መብራትና ድምፁንም ከሜኑ አጥፊ፤ ለቄሱ ፍላሽ ያበራሽ የምታስመስለው እሷ ናት። የአይ ኤስ ኦ ጣሪያውን ለኪስ ካሜራው 1600፣ ለሚረርለሱ 6400 አድርጊው። ክርንሽን ጎንሽ ላይ አጣብቂና 3 ተከታታይ ፎቶ አንሺ። የመጀመሪያው ቁልፉ ሲጫን፣ የመጨረሻው ጣት ሲነሣ ይንቀጠቀጣል፤ ብዙውን ጊዜ ጥርት ብሎ የሚወጣው መሃሉ ነው።

እንግዲህ ሚረርለስ የሚያዋጣሽ ሁለተኛ ሌንስ መግዛት ከቻልሽ ነው። ሲግማ 30 ኤፍ 1.4 የተባለውን ሌንስ ለሶኒ ብትጨምሪ፣ የኪስ ካሜራው በዚያው እይታ 2.8 ላይ ሲቆም የሚያገኘውን ብርሃን፣ የሴንሰሩም ስፋት ተደምሮ፣ 12 እጥፍ ያህል ታገኛለሽ። ቄሱ በር ላይ ቆመው መስቀሉን ወይም የብራናውን መጽሐፍ ለእንግዳ ሲያሳዩ የሚነሣው ፎቶ የዚህ ሌንስ ሥራ ነው፤ ከኋላ ያለው ሁሉ ለስልስ ይልና ፊትና እጅ ብቻ ይቀራል። ለግድግዳው ሥዕል ግን 30 ጠባብ ነው፤ ለዚያ ሲግማ 16 ኤፍ 1.4 አለ፣ ከ400 ግራም በላይ ስለሚመዝን ኪስ የሚባለውን ነገር ትረሺዋለሽ። ሁለቱም ሲግማዎች የእጅ መንቀጥቀጥ መከላከያ የላቸውም፣ ኤ 6000ም ውስጡ የለውም፤ ስለዚህ ከ1/60 በታች አትውረጂ።

ወፍና ጉማሬ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ሁለቱም አማራጮችሽ አይበቁም። ዓባይ መውጫ ላይ ጉማሬ ማለት ብዙ ጊዜ ጆሮ፣ ዓይንና አፍንጫ ነው፤ በ70 ሚሊ ሜትር እይታ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይቀራል። ፔሊካኖቹ ዓሣ በሚጸዳበት ዳርቻ ሰው ስለማይፈሩ በማንኛውም ካሜራ ይነሣሉ። ዛፍ ላይ ለተቀመጠው ዓሣ አዳኝ ንስር ግን ቢያንስ 300 ያስፈልጋል። የሶኒ 55-210 በኤፒኤስ-ሲ 315 ያህል ይሰጥሻል፤ የካኖኑ 55-210 ደግሞ 336። ለሚበር ወፍ 1/1000 ወይም ከዚያ በላይ አድርጊ። ሞተሩ እየሠራ ክርንሽን የጀልባው ጠርዝ ላይ አታስደግፊ፤ ንዝረቱ በቀጥታ ሌንሱ ውስጥ ይገባል። ሞተር አስጠፊ፣ መሃል ላይ ተቀመጪ። በጠዋት ውጪ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ማዕበሉ አያስቆምሽም።

"በአንድ ካሜራ ሁሉንም" ብለሽ አር ኤክስ 100 ማርክ 6 ወይም 7 ላይ ዓይንሽን ካሳረፍሽ፣ 24-200 ስለሆነ ጉማሬው ይቀርብልሻል። ዋጋው ግን ኤፍ 2.8 መጀመሩና 4.5 መጨረሱ ነው፤ ስለዚህ ገዳም ውስጥ ከላይ ያልኩት ብልጫ ይጠፋል፣ ኪት ሌንስ ያለው ሚረርለስም ይበልጠዋል። በሌላ በኩል የመጀመሪያው አር ኤክስ 100 (እ.ኤ.አ. 2012) እና ማርክ 2 ከ28 ነው የሚጀምሩት፣ ዙም ሲደረጉም 4.9 ይደርሳሉ፤ የመጀመሪያው ዋይፋይም የለውም፣ ለእንግዳ ፎቶ እዚያው ጀልባ ላይ በስልክ መላክ አትችይም። ሻጭ "አር ኤክስ 100 ነው" ብቻ ሲልሽ ማርክ ስንት እንደሆነ የታችኛውን ጽሑፍ በፎቶ አስልኪ። 30 እና 40 እጥፍ ዙም ያላቸው ትንንሽ ካሜራዎች ደግሞ ሴንሰራቸው የባለ 1 ኢንቹ ሩብ ነው፤ በፀሐይ ጉማሬ ያነሣሉ፣ ገዳም ውስጥ ግን ስልክሽ ይሻላል። ስም የሌላቸው "48 ሜጋፒክስል፣ 4ኬ" የሚባሉትን ርካሽ ካሜራዎችማ ጭራሽ አትጠጊያቸው።

ሚረርለስ ከሆነ ካኖን ኤም 50 በርካሽ ይገኛል፣ መጥፎ ካሜራም አይደለም። ነገር ግን ካኖን የኤም መስመሩን በ2023 እ.ኤ.አ. አቁሞታል፤ እንደ አር 50 ላሉት የሚሠሩት አዲሶቹ የአር ኤፍ ሌንሶች አይገጥሙለትም። ሌንስ ልትጨምሪ ብለሽ ሚረርለስ ገዝተሽ ሌንስ የሚያልቅበት ቤት ውስጥ መግባት ትርጉም የለውም።

ያገለገለ ስትገዢ ሻጩ ፊት ቁጭ ብለሽ ይህን አድርጊ። ካሜራውን 10 ጊዜ አብሪ፣ አጥፊ፤ ሌንሱ ሲወጣና ሲገባ የሚያንቋቋ ወይም የሚቆራረጥ ድምፅ ካሰማ ማርሹ ውስጥ አሸዋ አለ፣ ተዪው። የሶኒ 16-50ም ዙሙ በሞተር ስለሚሠራ እንደዚያው ፈትኚው። ቀጥሎ አፐርቸሩን (ብርሃን የሚገባበትን የሌንሱን ቀዳዳ) አጥብቢ፣ ለኪስ ካሜራው ኤፍ 11፣ ለሚረርለሱ ኤፍ 16፤ ነጭ ግድግዳ ወይም ሰማይ ፎከስ ሳታደርጊ አንሺና ምስሉን አጉልተሽ እይ። ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ሴንሰሩ ላይ አቧራ ተቀምጧል። ሚረርለስ ከሆነ ብዙ ጊዜ በአየር መንፊያ ይጠራል፤ የኪስ ካሜራ ከሆነ ካልተፈታ አይጸዳም፣ ስለዚህ ዋጋ መቀነሻ ሳይሆን መተዊያ ምክንያት ነው። የስልክሽን መብራት በሌንሱ ላይ አግድም አብሪ፤ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካየሽ ፈንገስ ነው። በመጨረሻ ሜኑውን አስከፍቺ፤ ከጃፓን ገበያ የመጡ ብዙ ሶኒዎች ከጃፓንኛ ሌላ ቋንቋ የላቸውም።

ፈንገሱን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከሰኔ እስከ መስከረም ሐይቁ ዳር ያለው እርጥበት ቦርሳ ውስጥ የተረሳ ሌንስን ያበላሻል። ጥብቅ ክዳን ባለው የፕላስቲክ ምሳ ዕቃ ውስጥ ከ3 ወይም 4 የሲሊካ ጄል (እርጥበት መጣጭ) ከረጢቶች ጋር አስቀምጪው። የቆዳ ቦርሳ እርጥበት ስለሚይዝ አይሆንም፣ ሩዝም ብናኙን ሌንሱ ውስጥ ይከታል። ፈንገስ ከገባ ሚረርለስ ላይ አንድ ሌንስ ትከስሪያለሽ፤ የኪስ ካሜራ ላይ ግን ሙሉ ካሜራውን።

ጢስ ዓባይ ላይ ፏፏቴው ሲሞላ ጭጋጉ ሰው ያበሰብሳል፤ ከጠየቅሻቸው ካሜራዎች ውሃ የሚችል የለም። የሶኒ 16-50 የ40.5 ሚሊ ሜትር ማጣሪያ ይገጥምለታል፣ ያንን አስረሽ ጠብታውን ከማጣሪያው ላይ ትጠርጊያለሽ። አር ኤክስ 100 ፊቱ ላይ ጥርስ ስለሌለው የምትጠርጊው ራሱን ሌንሱን ነው። ሌንስ መቀየር ካለብሽ ከጀልባ ከወረድሽ በኋላ፣ ካሜራውን አጥፍተሽ፣ አፉን ወደ መሬት አዙረሽ።

ስለዚህ ሥራሽ በአብዛኛው ገዳምና እንግዳ ከሆነ፣ ብሩም ለአንድ ዕቃ ብቻ ከበቃ፣ አር ኤክስ 100 ማርክ 3 ወይም ከዚያ በላይ እስከ 5፣ አለዚያም ጂ 7 ኤክስ ማርክ 2 ግዢ። በ6 ወር ውስጥ ሌንስ የምትጨምሪ ከሆነ ኤ 6000 ወይም ኤ 6400 ያዢ፤ መጀመሪያ የምትጨምሪውም 30 ኤፍ 1.4 ይሁን፣ የወፉ ሌንስ ይቆይ።

ባትሪን በተመለከተ፣ የኪስ ካሜራ በአንድ ሙሌት ከ200 እስከ 300 ፎቶ ነው የሚሰጥሽ፤ ዘጌ ደርሰሽ ስትመለሺ ያልቃል፣ 2 ትርፍ ያዢ። መብራት ሲጠፋ ፓወር ባንክ የሚያድንሽ ካሜራው በዩኤስቢ የሚሞላ ከሆነ ነው። አር ኤክስ 100 እና ኤ 6000 በተራው የስልክ ቻርጀርም ይሞላሉ፣ ቀስ ይላሉ እንጂ። ኤም 50 በዩኤስቢ አይሞላም። አር 50 እና ጂ 7 ኤክስ ማርክ 3 የሚቀበሉት ፒዲ የሚባለውን፣ ከተራው የበለጠ ኃይል የሚሰጠውን፣ ፓወር ባንክ ብቻ ነው፤ ያለሽ ተራው ከሆነ ሰክተሽ ብታድሪም ባትሪው ባዶ ነው።