ረጅሙን የሆላንድ ቃል ስፌቱ ላይ ፍቺው

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ሆላንድ ነው ያለው። እሱ ጋ ለመሄድ አዲስ አበባ ኤምባሲው የቋንቋ ፈተና ስላለብኝ በስልኬ እያጠናሁ ነው። አጫጭሩ ቃል አያስቸግረኝም፤ ረጅሙ ግን የት እንደምቆርጠው፣ የቱን ጫን ብዬ እንደምለው ግራ ገብቶኛል። ባለቤቴ "ሁሉንም እኩል ነው የምትይው፣ አይገባቸውም" ይለኛል። ምን ላድርግ?
ከፍኖተ ሰላም

መልስ፦ እህቴ፣ መልሱ ከተማሽ ስም ውስጥ አለ። "ፍኖተሰላም" ብለሽ አጣብቀሽ ስትጽፊ መስመሩ ባይበቃሽ የት ትቆርጫለሽ? "ፍኖ" ብለሽ "ተሰላም"ን ወደ ታች አታወርጂም። ደችም፣ የሆላንድ ቋንቋ፣ እንደዚያው ነው፤ መጀመሪያ ቃላቱ የተሰፉበትን ቦታ ፈልጊ፣ ክፍለ ቃል መቁጠሩ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

"ዚክተኮስተንፈርዜከሪንግ"ን እንይ። ሲያዩት ያስፈራል፣ ግን ሦስት ቃል ነው፦ ዚክተ በሽታ፣ ኮስተን ወጪ፣ ፈርዜከሪንግ ኢንሹራንስ። የሕክምና ወጪ ኢንሹራንስ ማለት ነው፣ እዚያ ለሚኖር ሰው ግዴታ ስለሆነ ደጋግመሽ ትሰሚዋለሽ። ቅደም ተከተሉም እንደኛው ነው፣ ዋናው ነገር መጨረሻ ላይ። አሁን እያንዳንዱን ለብቻው በታትኚው፦ ዚክ-ተ፣ ኮስ-ተን፣ ፈር-ዜ-ከ-ሪንግ። 8 ክፍለ ቃል ሆነ።

ጫናውን ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ቃል ይወስደዋል። ስለዚህ "ዚክ" ላይ ጫን በይ። ፈርዜከሪንግ ብቻውን ሲሆን "ዜ" ላይ ነው የሚጫነው፤ እዚህም ጨርሶ አይጠፋም፣ ዝቅ ብሎ ሁለተኛ ይሆናል እንጂ። የቀረውን ዋጥ አድርጊው። ባለቤትሽ እውነቱን ነው፣ እኛ ፊደሉን ሁሉ በእኩል ነው የምናወጣው፣ የሆላንድ ሰው ጆሮ ግን ጫናውን ይዞ ነው ቃሉን የሚያገኘው።

ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ። ፎርኮመን "ፎር" ላይ ሲጫን መከሰት ነው፣ "ኮ" ላይ ሲጫን መከላከል። ልክ እንደኛ "ገና"፣ ሲጠብቅ በዓሉ፣ ሲላላ "ገና አልመጣም" የምንለው። ስፌቱም ትርጉም ይለውጣል። ፋልካውል ፋል-ካውል ነው፣ እንስሳ የሚገባበት የወጥመድ ጉድጓድ። ፋልክ-አውል ብለሽ ከቆረጥሽው ግን ጭልፊትና ጉጉት ተጣብቀው ይመጡልሻል።

ከሕግ የሚወጡም አሉ። ዚከንሃውስ፣ ሆስፒታል፣ እንደ ሕጉ "ዚ" ላይ ነው። ስታትሃውስ፣ ማዘጋጃ ቤት፣ ግን "ሃውስ" ላይ። እንዲህ ያለውን መሸምደድ ነው እንጂ ሌላ መላ የለውም።

ስትለማመጂ ጠረጴዛ መታ መታ አድርጊ፣ ለእያንዳንዱ ክፍለ ቃል በጣትሽ ቀስ ብለሽ፣ ጫናው ያለበት ላይ ሲደርስ በመዳፍሽ። ዛሬ ማታ ባለቤትሽ ሲደውል ያንን ረጅሙን በይለትና "ዚክ" ጎልቶ ተሰምቶት እንደሆነ ጠይቂው።