የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የስቅለት ፈተና እና የማኅበሩ ሰንደቅ ዓላማ

ጥያቄ፦ ልጄ ሲያትል ውስጥ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ይማራል። ባለፈው ዓመት የስቅለት ዕለት ፈተና ደርሶበት ስግደቱ ቀረበት። ቀን ማስለወጥ ይችል ነበር?
(እናት፣ ከሲያትል)

መልስ፦ ይችል ነበር። በዋሽንግተን ግዛት በ2019 በወጣው ሕግ መሠረት፣ የመንግሥት ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪው ለሃይማኖቱ ሲል ሲቀር ውጤቱ እንዳይጎዳ የማመቻቸት ግዴታ አለባቸው። ተማሪው ደግሞ ትምህርት በተጀመረ በ2 ሳምንት ውስጥ የሚቀርባቸውን ቀናት ለይቶ ለመምህሩ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ብዙ ልጆች መብታቸውን የሚያጡት በዚህች ቀነ ገደብ ነው። መምህሩ የሚያውቀው የምዕራባውያኑን ፋሲካ ነው፤ በ2027 የእነሱ ፋሲካ ማርች 28 ሲውል የእኛ ስቅለት ኤፕሪል 30 ነው። ካልተነገረው ፈተናውን እዚያው ቀን ላይ ያደርገዋል።

ልጅዎ የኮርሱን መርሐ ግብር እንደተቀበለ ለእያንዳንዱ መምህር ለየብቻ ኢሜይል ይጻፍ፦ በዓሉን፣ ቀኑን፣ የሚያመልጠውን ፈተና ወይም ላብራቶሪ፣ በምትኩ የሚመቹትን 2 ቀናት። ገና ጃንዋሪ 7 ስለሆነ ከክረምቱ ኳርተር (የትምህርት ወቅት) መክፈቻ ጋር ይጋጫል፤ ለእሱ ትምህርት ሳይጀመር መጻፍ ይሻላል። ሙስሊም ተማሪዎች ዒድ በጨረቃ ስለሚወሰን ተከታታይ 2 ቀን ይጥቀሱ። መምህሩ እምቢ ካለ ክርክር አያስፈልግም፤ ኢሜይሉን ይዞ ወደ ትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ይሂድ። የግል ዩኒቨርሲቲ ከሆነ ግን ይህ ሕግ አይሠራም፤ የተማሪዎች መመሪያው ይታይ።

ጥያቄ፦ የኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ማኅበራችን በባህል ምሽት ልሙጡ ይሰቀል ወይስ ዓርማ ያለበት በሚል ሊሰነጠቅ ነው። ዩኒቨርሲቲው ይወስንልን?

መልስ፦ አይወስንላችሁም፤ ባይወስንም ይሻላል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2000 በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ጉዳይ እንዳለው፣ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከተማሪዎች የሰበሰበውን ገንዘብ ለማኅበራት ሲያከፋፍል በአመለካከታቸው ሊያበላልጥ አይችልም። በኢትዮጵያ የሰንደቅ ዓላማ አዋጅ ቁጥር 654/2001 ዓርማውን ያስገድዳል፤ ያ አዋጅ ግን አሜሪካ ውስጥ ያለ ማኅበርን አያስርም። ስለዚህ ጉዳዩ የራሳችሁ ነው።

ችግሩ የሚባባሰው ጥያቄው በዝግጅቱ ዋዜማ ሲነሳ ነው፤ ያኔ አዳራሹን ያስጌጠው ሰው ለሁሉም ወስኖ ያድራል። ከ1 ወር በፊት ስብሰባ ይጠራ፤ ማን እንደሚወስንና በስንት ድምፅ በደንባችሁ ላይ ይጻፍ። እኛ 2/3ኛን እንመክራለን፤ በ1 ድምፅ ብልጫ የተሰቀለ ባንዲራ ሲያጣላ ይከርማል። 2/3ኛ ካልተገኘ ሁለቱም ይሰቀሉ ወይም መድረኩ ባዶ ይሁን።

መዝሙር ሲዘመር ያልቆመውን ልጅ ባንዳ ማለት ግን ነውር ነው። ፍርድ ቤቱ በ1943 በባርኔት ጉዳይ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪን ለባንዲራ ሰላምታ ስጥ ብሎ ማስገደድ አይችልም ብሏል። ውሳኔው መንግሥትን እንጂ የተማሪ ማኅበርን የሚመለከት ባይሆንም፣ አገር መውደድ በግዳጅ እንደማይመጣ እናምናለን። አብሮ መሥራት ካልተቻለም የተለዩት ሌላ ማኅበር ማስመዝገብ ይችላሉ፤ የመንግሥት ኮሌጅ አቋማቸውን ስለጠላ ብቻ ዕውቅና መንፈግ እንደማይችል በ1972 በሂሊ ጉዳይ ተወስኗል።