ብሎክቼይንና ትምህርት ቤት፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ለመጡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ጥያቄ (የሪከርድ ሠራተኛ፣ ደሴ)፦ በ2014ቱ ጦርነት ሮስተር የጠፋባቸው ትምህርት ቤቶች አሉ። ብሎክቼይን ቢኖር ኖሮ ይተርፍ ነበር?

መልስ፦ ብቻውን አያተርፈውም። ብሎክቼይን በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ በአንድ ጊዜ የሚቀመጥ፣ የገባበት የማይሰረዝ የጋራ መዝገብ ነው፤ «ሰንሰለቱ» የምለውም እሱን ነው። ሰንሰለቱ ላይ የሚሰፍረው አሻራው እንጂ ሮስተሩ አይደለም። ሻ-256 የሚባለው ስሌት የትኛውንም ፋይል፣ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ 64 ፊደልና አኃዝ ያደርገዋል፤ አሻራ የምለው ይህንኑ ነው። ከአሻራው ተነሥቶ ፋይሉን መመለስ አይቻልም፤ በእጅ ያለው ቅጂ አለመነካቱን ማረጋገጥ ብቻ ነው የሚቻለው። ስለዚህ መጀመሪያ ሮስተሩን ስካን አድርጋችሁ ሦስት ቦታ አስቀምጡ። አንዱን ደሴ፣ ሌላውን ኮምቦልቻ ማድረግ አይበቃም፤ ሁለቱ ከተሞች የተያዙት በአንድ ሰሞን ነው። ሦስተኛው ቅጂ ከወሎ ይውጣ።

ጥያቄ (መምህር፣ ኮምቦልቻ)፦ ሐሰተኛ የትምህርት ማስረጃን ያስቀራል?

መልስ፦ ማስረጃው ከወጣ በኋላ የተፋቀውን ይይዛል። መዝገብ ቤት ውስጥ 48ን 84 አድርጎ ያስገባውን ግን አይይዝም፤ እንዲያውም ውሸቱን ያጸናለታል። ለዚህ መድኃኒቱ ከመፈረሙ በፊት ሁለት ሰው ከሮስተሩ ጋር ማመሳከሩ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ትምህርት ቤቱ ጥንድ የኮምፒውተር ቁልፎች ይኖሩታል፤ ምስጢራዊው ለመፈረም፣ ለሁሉም የሚሰጠው ይፋዊው ደግሞ ፊርማውን ለማጣራት ነው። ውጤቱ በምስጢራዊው ቁልፍ ይፈረማል፤ ፊርማው ከውጤቱ ጋር ኪውአር ኮድ ሆኖ ሰርተፍኬቱ ላይ ይታተማል፤ ቀጣሪው ይፋዊውን ቁልፍ ቀድሞ ስልኩ ላይ ከጫነ ያለ ኔትወርክ ያጣራል። ልብ በሉ፣ እስካሁን ብሎክቼይን አላስፈለገንም! ሰንሰለቱ የሚጨምረው፣ ማስረጃው ከዚያ ቀን በፊት መኖሩን የሚመሰክር ቀን ነው። ለእያንዳንዱ ሰርተፍኬት ለየብቻ ከፍሎ ማስመዝገብ ገንዘብ ማባከን ነው፤ የ600 ተመራቂ አሻራ ጥንድ ጥንድ እየተደረገ ተጣምሮ አንድ ይሆንና አንድ ጊዜ ይመዘገባል። ያኔ እያንዳንዱ ሰርተፍኬት ከራሱ አሻራ ወደዚያ አንድ አሻራ የሚያደርሱትን 10 አሻራ፣ ማለትም 320 ባይት ይሸከማል። ኪውአር ኮድ ቢበዛ 2,953 ባይት ይይዛል፤ የግዕዝ ፊደል ደግሞ እያንዳንዱ 3 ባይት ይወስዳል። እስከ ጫፍ አትሙሉት፤ ነጥቦቹ ይደቃሉ፣ የታጠፈ ወረቀት ላይም አይነበቡም።

ጥያቄ (የሪከርድ ሠራተኛ፣ ኮምቦልቻ)፦ የተማሪው ስም በ8ኛ ክፍል ካርድ «መሐመድ»፣ በ12ኛ «ሙሀመድ» ነው። ችግር ያመጣል?

መልስ፦ ያመጣል፤ እኛ ዘንድ ብዙውን ሥራ የሚያበላሸውም ይኸው ነው። ሐ እና ሀ ለጆሮ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተር ሁለት። አንዲት ፊደል ስትለወጥ አሻራው ከሥሩ ይለወጣል፤ እውነተኛው ማስረጃም «አይመሳከርም» ተብሎ ይመለሳል። ኃይሉና ሀይሉ፣ ተነጥሎና ተያይዞ የሚጻፈው ገብረ ሥላሴም እንዲሁ ናቸው። ስሙን ፋይዳ ላይ እንዳለው አንዴ ወስናችሁ ከዚያ በኋላ ገልብጡት እንጂ እንደገና አትተይቡት። ቀኑም ያው ነው፦ 2016 ብቻ ብላችሁ ከጻፋችሁ የውጭ ዩኒቨርሲቲ የ8 ዓመት አሮጌ ማስረጃ አድርጎ ያነበዋል። ዓ.ም. እና እ.ኤ.አ. የየራሳቸው ቦታ ይኑራቸው።

ጥያቄ (ተማሪ፣ ደሴ)፦ ነጥቤን ሰው ሁሉ ሊያየው ነው?

መልስ፦ አብሽሪ፣ በደንብ ከተሠራ ማንም አያየውም። ስሕተቱ ከስምና ከነጥብ ብቻ አሻራ ማውጣት ነው። ነጥብ ከ0 እስከ 100 ስለሆነ ስምሽን የሚያውቅ ሰው 101 ጊዜ ሞክሮ ይደርስበታል። ለዚህ ነው ለእያንዳንዱ ተማሪ 16 ባይት የዘፈቀደ ቁጥር የሚጨመረው። ስም፣ ነጥብና የፋይዳ ቁጥር ሰንሰለቱ ላይ ፈጽሞ አይጻፉም፤ እዚያ የገባ አይሰረዝም፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም አለ።

ጥያቄ (ርእሰ መምህር፣ ደሴ)፦ ቁልፉን ማን ይያዝ?

መልስ፦ አንድ ሰው ብቻውን አይያዘው። ርእሰ መምህሩ፣ ሪከርድ ክፍሉና የከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይያዙት፤ ከሦስቱ ሁለቱ ካልፈረሙ አይሠራ። ቁልፉ ቢጠፋ የሚመልሱት 24 ቃላት በወረቀት ተጽፈው ካዝና ይግቡ፤ በስልክ ፎቶ እንዳይነሡ። ሰው ሲዛወር ቁልፉ ይቀየራል። አሮጌው ይፋዊ ቁልፍ ግን ከነማብቂያ ቀኑ ይቀመጥ፤ አለዚያ የቀድሞ ተመራቂዎች ማስረጃ የሚጣራበት ያጣል።

ጥያቄ (ወላጅ፣ ኮምቦልቻ)፦ በ2013 ካርዳኖ ስለሚባለው ብሎክቼይን የተባለውስ?

መልስ፦ ትምህርት ሚኒስቴርና የካርዳኖ ሠሪው ኩባንያ አይኦኤችኬ ሚያዝያ 2013 ያስታወቁት፣ የተማሪዎችን ውጤት በካርዳኖ የማስመዝገብ እቅድ 3,500 ትምህርት ቤትና 5 ሚሊዮን ተማሪ የሚያካትት ነበር። የአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ ኤምአይቲ በ2017 እ.ኤ.አ. በብሎክቼይን የሚጣራ ዲፕሎማ መስጠት የጀመረው በ111 ተመራቂ ነው። ለአንድ ትምህርት ቤት የሚበጀው የኋለኛው መጠን ይመስለኛል።

ጥያቄ (መምህር፣ ደሴ)፦ መጻሕፍት በአይፒኤፍኤስ (ፋይልን በብዙ ማሽኖች ላይ በሚያጋራው ሥርዓት) ብናስቀምጥ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ይሠራል?

መልስ፦ ቅጂው ግቢው ውስጥ ባለ ማሽን ላይ ካለ፣ አዎ። «ለዘላለም ይኖራል» የሚባለውን ግን አትመኑ፤ ፋይሉን የሚያኖር ማሽን ከሌለ ይጠፋል። ለክፍል ሥራ ራስፕቤሪ ፓይ በሚባለው ትንሽ ኮምፒውተር ላይ፣ ውክፔዲያንና መጻሕፍትን ያለ ኢንተርኔት የሚያስነብበውን ኪዊክስ መጫን ይቀላል። መብራት ድንገት ሲጠፋ የሚጎዳው ሚሞሪ ካርዱ ነውና የተገለበጠ መጠባበቂያ ካርድ መሳቢያ ውስጥ ይኑራችሁ።